ፒያኖ ከአርባ ዓመት በኋላ፦ «ጊዜው አልፏል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሙዚቃ ወዳጆች መካከል ሲነበብ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ ጎልማሳ ሰው ፒያኖ ለመማር መነሣቱ ጊዜንና ገንዘብን ከማባከን አያልፍም የሚል አቋም ይዟል። ጸሐፊው ለአቋማቸው ስድስት ምክንያቶች ያቀርባሉ፦ አእምሮ ሙዚቃን የሚቀበልበት ዕድሜ፣ ልክ እንደ ቋንቋ፣ በሰባት ዓመት ገደማ ያበቃል፤ የጎልማሳ ጣት እንደ ልጅ ጣት አይታዘዝም፤ በቀን አራት ሰዓት የማይለማመድ ሰው የትም አይደርስም፤ እውነተኛውን ፒያኖ መግዛት ያልቻለ ሰው በኪቦርድ እጁን ያበላሻል፤ ፒያኖ የፈረንጅ መሣሪያ በመሆኑ ቅኝቶቻችንን አያስተናግድም፣ ስለዚህ ጎልማሳው ክራር ቢይዝ ይሻለዋል፤ በመጨረሻም ከጀመሩት ጎልማሶች አብዛኞቹ ማቋረጣቸው የዚህ ሁሉ ማረጋገጫ ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ፒያኖ በማስተማር የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ከተማሪዎቼም የሚበዙት ከሥራ መልስ ቦርሳቸውን እንደያዙ የሚመጡ ጎልማሶች ናቸው። ጉዳዩ የእንጀራዬም ጉዳይ ነውና አንባቢ ይህን አውቆ ያንብበኝ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላንሣ። ጸሐፊው በግልጽ ሳይናገሩት በስድስቱም ነጥቦች የሚጠቀሙበት መለኪያ የኮንሰርት ፒያኒስት ነው። አርባ ዓመት የሞላው ጀማሪ በዚያ መለኪያ ሲመዘን መውደቁ አይቀርም፤ ነገር ግን በዚያ መለኪያ የሚመዘን ማን ነው? ወደ እኔ ከሚመጡት ውስጥ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራንን ማጀብ ይፈልጋል፣ ሌላዋ እናቷ ስታንጎራጉረው የኖረችውን ትዝታ በራሷ እጅ መስማት ትመኛለች፣ ሌላው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ሲታገል ውሎ ማታ ላይ ሌላ ዓይነት ድካም መድከም ያምረዋል። ማንም በአርባ ዓመቱ መጥቶ «ቪየና መድረክ ላይ አውጣኝ» ብሎኝ አያውቅም። ያልተጠየቀን ነገር «አይቻልም» ብሎ መመለስ ደግሞ ክርክር አይባልም።

የመጀመሪያው ነጥብ ከሁሉም የሚከብደው ስለሆነ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ጸሐፊው መሠረት የሌለው ነገር አልተናገሩም። አንድን ድምፅ ያለ ማነጻጸሪያ ሰምቶ «ይህ ላ ነው፣ ይህ ፋ ነው» ብሎ ወዲያውኑ መለየት በአብዛኛው ሙዚቃን በለጋ ዕድሜያቸው በጀመሩ ሰዎች ላይ የሚታይ ችሎታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ጎትፍሪድ ሽላውግና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናትም፣ የአእምሮን ግራና ቀኝ ክፍል የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይ የፊተኛው ክፍል ከሰባት ዓመታቸው በፊት በጀመሩ ሙዚቀኞች ላይ ሰፍቶ ተገኝቷል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ከዚህ ተነሥቶ የተሰጠውን ድምዳሜ ነው፤ ምክንያቱም ጥናቱ ቀድሞ የጀመረ ሰው እንደሚጠቀም ቢያመለክት እንጂ ዘግይቶ የጀመረ ሰው እንደማይችል አያሳይም።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት አለ፤ ጸሐፊው ግን አላነሡትም። አልቫሮ ፓስኳል-ሌዮንና ባልደረቦቹ ፒያኖ ተጫውተው የማያውቁ ጎልማሶችን ወስደው በአንድ እጅ፣ በአምስቱም ጣቶች የሚሠራ ቀላል ልምምድ በቀን ሁለት ሰዓት ለአምስት ቀናት አሠሯቸው። ጣቶችን የሚያዝዘውን የአእምሮ ክፍል በየቀኑ በመግነጢሳዊ መሣሪያ ሲለኩት፣ ስፋቱ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ሲሄድ አገኙት። ይበልጥ የሚደንቀው ደግሞ ጣታቸውን ሳያንቀሳቅሱ ልምምዱን በሐሳባቸው ብቻ ይደግሙት የነበሩት ሰዎች ላይም ተመሳሳይ ለውጥ መታየቱ ነው፤ አጨዋወታቸው በእጃቸው ከተለማመዱት ያነሰ ቢሆንም። በሩ በሰባት ዓመት ከተዘጋ እነዚህ ሰዎች በየት ገቡ? ጄኒፈር ቡጎስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናትም ተማሪዎቹ ከ60 እስከ 85 ዓመት የሆናቸው ሰዎች ነበሩ፤ ለስድስት ወራት ፒያኖ ከተማሩ በኋላ የትኩረትና የቅልጥፍና ፈተናዎች ላይ ካልተማሩት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል።

ከአገራችንም ምስክር አይጠፋም። ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ ክራር ይጫወት የነበረ ሲሆን ከፒያኖ ጋር የተገናኘው ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ በ16 ዓመቱ ነው። ከዚያ ወደ ሶፊያ ተልኮ በቡልጋሪያ የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ ተማረ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የፒያኖ ሙዚቃ ሲነሣ ስሙ ከፊት ከሚጠሩት አንዱ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አርባ ዓመት አይደለም፣ ልክ ነው። ሆኖም ጸሐፊው ያሰመሩት መስመር ሰባት ላይ ነውና በእሳቸው ሒሳብ ግርማም ዘጠኝ ዓመት ዘግይቷል።

ጸሐፊው ራሳቸው ሙዚቃን ከቋንቋ ጋር አነጻጽረዋልና በዚያው ልመልስላቸው። በሃያ አምስት ዓመቷ ቤይሩት ወይም ጅዳ የሄደች እህታችን ደብተርም አስተማሪም ሳይኖራት ጥቂት ቆይታ ከአሠሪዋ ጋር በዐረብኛ ትከራከራለች፣ ገበያ ወጥታ ዋጋ ታስቀንሳለች፣ የሚያስቅ ነገር ሲነገርም ቀድማ ትስቃለች። ቅላጼዋ የሰው አገር ሰው መሆኗን ያሳብቅባት ይሆናል። ዐረብኛ አትችልም የሚላት ግን የለም።

ስለ ጣት መድረቅ የተባለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ምክንያቱም ነገሩ ከሰውነታችን አሠራር ጋር አይገጥምም። ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋና ዋና ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ላይ ነው። የፒያኖ ቁልፍ ሲጫን ወደ ታች የሚወርደው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ለማውረድም የሚጠይቀው ከ50 ግራም ገደማ የማይበልጥ ክብደት ነው። ይህን ለመጫን የሚያቅተው ጤነኛ ጎልማሳ አላየሁም። እንዲያውም የአንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ስፋት 16.5 ሴንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ የሰባት ዓመት ልጅ እጁን ዘርግቶ ሊይዘው አይችልም፤ ጎልማሳው ግን በመጀመሪያው ቀን ይይዘዋል።

የጎልማሳው ትክክለኛ ችግር መወጠር ነው። ቀለበት ጣት ከጎረቤቶቹ ጋር በጅማት ስለተሳሰረ ብቻውን መነሣት ይከብደዋል፤ ጎልማሳው ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ በኃይል ሊያነሣው ሲሞክር ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ የእጅ አንጓውም እንጨት ይሆናል። ይህ የሚታረም ነገር ነው፤ ወንበሩ ክንድ ከቁልፎቹ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ከፍ ወይም ዝቅ ይደረጋል፣ ጣት ከመነሣት ይልቅ የእጅ ክብደት ከጣት ወደ ጣት እንዲሻገር ይለመዳል። አስተማሪ ከጎን ተቀምጦ ትከሻን የማየት ሥራ አለበት፤ በዚህ ምክንያት ጎልማሳው ሙሉ በሙሉ ከስልክ ቪዲዮ ብቻ እንዲማር አልመክርም፣ ቪዲዮው የተማሪውን ትከሻ አያይምና።

በቀን አራት ሰዓት የሚለው ሦስተኛው ነጥብ ከየት እንደ መጣ መገመት አያዳግትም። አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 በርሊን በሚገኝ የሙዚቃ አካዳሚ የሚማሩ ቫዮሊን ተጫዋቾችን አጥንተው፣ ምርጥ የተባሉት ሃያ ዓመት እስኪሞላቸው በአማካይ ወደ 10,000 ሰዓት ገደማ መለማመዳቸውን ጽፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከጥናቱ ተነጥሎ በየአዳራሹ ይዞራል። ጥናቱ ግን ስለ ምርጦች ነው፤ አንድን ዜማ በሁለት እጅ አስተካክሎ ለመጫወት ስንት ሰዓት እንደሚያስፈልግ የሚናገረው ነገር የለም። ከዚህም ሌላ ያው ጥናት ምርጦቹ ልምምዳቸውን በአጫጭር ክፍለ ጊዜ ከፋፍለው፣ በመካከሉ እያረፉና እየተኙ ይሠሩ እንደ ነበር ያሳያል፤ ይህን የጥናቱን ክፍል ግን የሚጠቅሰው ጥቂት ነው።

የጣት ቅደም ተከተል ከእንቅልፍ በኋላ ይበልጥ እንደሚጸና በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለሆነም በየቀኑ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ የሚሠራ ሰው ቅዳሜ ብቻ ሦስት ሰዓት ከሚቀመጠው ይሻላል፤ ሌሊቶቹን ይጠቀምባቸዋልና። ጊዜ የለኝም ለሚል ሰው ደግሞ ኃይሉ መርጊያን አነሣለታለሁ። ኃይሉ ጀማሪ አልነበረም፤ በዋልያስ ባንድ ዝናው የታወቀ ሙዚቀኛ ሆኖ ሳለ ዋሽንግተን ከመጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖሯል። በእነዚያ ዓመታት ኪቦርዱን በታክሲው የዕቃ መጫኛ ይዞ እየዞረ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ጊዜ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘው አልበሙ ሲወጣ ጣቶቹ ያልዛጉት በዚያ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

አራተኛው ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ብዙዎቻችን «ኦርጋን» እያልን የምንጠራው፣ 61 ቁልፎች ያሉትና ቁልፎቹ ክብደት የሌላቸው ኪቦርድ፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጣት ለስላሳና ጠንካራ ድምፅ መለየትን አይማርበትም፣ ግራ እጅም ወደ ታች ሲወርድ ቁልፍ ያልቅበታል። እጅ ያበላሻል የሚለው ግን ማጋነን ነው። ክብደት ያላቸው 88 ቁልፎች ያሉት ዲጂታል ፒያኖ ጀማሪ ጎልማሳ የሚፈልገውን ሁሉ ይሰጣል፤ በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ጎረቤት ሳይቀሰቀስ መለማመድ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ እውነት ነው፤ ያም ሆኖ በባትሪ የሚሠሩ አሉ። ጸሐፊው እንደ እውነተኛ የሚያወድሱት የእንጨቱ ፒያኖም የራሱ ጣጣ አለው። ከ200 በላይ የሆኑት ክሮቹ የተወጠሩበት መሣሪያ ድምፅ የሚያወጣው በእንጨት ሰሌዳ ነው፤ ያ ሰሌዳ በክረምት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ የድምፁም ቅኝት ከዚያ ጋር ይወጣል ይወርዳል። በየጊዜው የማይቃኝ የእንጨት ፒያኖ ከደህና ዲጂታል ይልቅ የጀማሪን ጆሮ ያበላሻል።

አሁን ወደ ቅኝቱ ጉዳይ እንምጣ፤ በእውነቱ ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይህ ነጥብ ነው። ጸሐፊው ፒያኖ ቅኝቶቻችንን አያስተናግድም ሲሉ አንባቢ መሣሪያው አጠገብ ሄዶ እንዳይሞክር አድርገውታል፤ መሞከር ግን ቀላል ነው። ፒያኖ ላይ ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተሰልፈዋል። ከሦስቱ ጥቁሮች በግራ በኩል ካለው ጀምረህ አምስት ጥቁር ቁልፎችን ተራ በተራ ወደ ቀኝ ተጫወት፦ ያገኘኸው ትዝታ ሜጀር ነው። ነጭ ሳይነካ፣ ኖታ ሳይነበብ። አሁን ደግሞ ጥቁሩን ትተህ፣ ከሦስቱ ጥቁሮች በመካከለኛውና በቀኙ መካከል ካለው ነጭ ቁልፍ፣ ማለትም ከላ ተነሥተህ፣ በነጮቹ ላይ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ብለህ ውጣ (ከዶ ቀጥሎ ያለውን ሬ ዝለለው)፤ ይህ ትዝታ ማይነር ነው። እነዚያኑ አምስት ነጭ ቁልፎች ሳትለውጥ መነሻህን ሚ ላይ አድርገህ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ብትል አምባሰል ይሆናል። ይህን የማሳየው በመጀመሪያው ቀን ትምህርት ነው፤ አምስት ደቂቃ ከማይሞላ ጊዜ በኋላ ተማሪው የሚያውቀው ድምፅ ከራሱ ጣት ሲወጣ ይሰማል። ክራር ላይ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ለመሻገር ክሮቹን እንደገና መቃኘት ያስፈልጋል፤ ፒያኖ ላይ የሚያስፈልገው ጣትን ወደ ሌላ ቁልፍ ማዛወር ብቻ ነው።

ለጸሐፊው የሚሰጥ ሐቅ አለ፣ እሱንም አልደብቅም። ፒያኖ አንዱን ኦክታቭ ለ12 እኩል ቦታ ከፍሎ አስቀምጧል፤ ክራርና ማሲንቆ ግን በተጫዋቹ ጆሮ የሚቃኙ ናቸውና ርቀቶቻቸው ከዚያ እኩል ክፍፍል ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም። በተለይ አንቺሆዬ በማሲንቆ ሲሰማና በፒያኖ ሲሰማ ልዩነቱን ልብ የሚል ጆሮ አያጣውም። ማሲንቆ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ተንሸራትቶ ሲያለቅስ ፒያኖ ይህን ማድረግ አይችልም፤ መዶሻው ክሩን መትቶ ይመለሳል፣ ነገሩ ያበቃል። ነገር ግን ይህ ጉድለት ምን እንደሚሠራበት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ በኋላም መንኩሰው እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ድረስ ያቆዩልን ሙዚቃ በአብዛኛው ለብቻ ፒያኖ የተደረሰ ነው። መንሸራተት ባይችሉም ዋናውን ድምፅ ከመምታታቸው በፊት አጠገቡ ያለውን በስሱ ነክተው ያልፋሉ፤ ጊዜውንም እንደ እንጉርጉሮ ይስቡታል ይለቁታል። ያን የሰማ ሰው «ይህ የፈረንጅ ሙዚቃ ነው» ይላል ብዬ አልገምትም። ክራር መማር መልካም ነው፣ ማንም ቢጀምር ደስ ይለኛል፤ ክራርን ያወደሱበት ምክንያት ግን ፒያኖን የሚያስነቅፍ አይደለም።

የቀረው ጎልማሶች ያቋርጣሉ የሚለው ነው። ያቋርጣሉ፤ እኔም ዘንድ ያቋረጡ አሉ። ልዩነታችን ምክንያቱ ላይ ነው። ጸሐፊው መንሥኤው ዕድሜ ነው ይላሉ። እኔ የማየው ግን የጎልማሳው ጆሮ ከእጁ አርባ ዓመት ቀድሞ መሄዱን ነው። የሰባት ዓመት ልጅ በአንድ ጣት የተንተባተበ ዜማ ሲጫወት ሙዚቃ መስሎት ይደሰታል፤ ጎልማሳው ግን ትዝታ እንዴት መሰማት እንዳለበት ያውቃልና ከራሱ እጅ የሚወጣው ያሳፍረዋል። በዚህ ላይ ለልጅ የተዘጋጀ የፈረንጅ መጽሐፍ ይሰጠዋል፤ ሰምቶት የማያውቀውን የሕፃናት መዝሙር በቀኝ እጁ ብቻ ሦስት ወር ሙሉ እንዲጫወት ይደረጋል። ቢያቋርጥ ምን ይገርማል?

አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ ተማሪዬን ልጥቀስ። ቀኝ እጇ የትዝታውን ዜማ ለብቻው ደህና አድርጎ ይዟል፤ ግራ እጇም የችክችካውን ምት ለብቻው ይጠብቃል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ግራው ቀኙን መከተል ይጀምርና ምቱ ይፈርሳል። እሷም ብዙ ጎልማሶች የሚያደርጉትን ታደርግ ነበር፦ ከመጀመሪያው ትነሣለች፣ ከምትሳሳትበት ቦታ ትደርሳለች፣ ተበሳጭታ ቆማ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሣለች። በዚህ መንገድ የሚጠነክረው መግቢያው ብቻ ነው፤ አስቸጋሪው ቦታም ሁሌ እንደ አስቸጋሪ ይለመዳል። ቀኝ እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ግራውን ብቻ እየተጫወተች ዜማውን በአፏ እንድታንጎራጉር አደረግን። ዜማውን ከልጅነቷ ጀምሮ ስለምታውቀው ድምፅዋ አልተሳሳተም፤ ግራ እጇም ከድምፅዋ ሥር ሆኖ መሄድን ተማረ። ከዚያ ቀኝ እጅ ተመለሰ፤ ሁለት መስመር ብቻ፣ በጣም በዝግታ፣ ከሚፈርሰው ቦታ ጀምሮ። እንዲህ ያለውን መንገድ የሚያስኬደው ያው ቀድሞ የሄደው ጆሮዋ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ይህ ጆሮ የለውም።

እፍረቱም ሊታሰብበት ይገባል። በአንድ የትምህርት ቤት የዓመት መዝጊያ ላይ አንድ ጎልማሳ ከስምንት ዓመት ልጆች መካከል ተሰልፎ ተራውን እንዲጠብቅ ሲደረግ አይቻለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሰም። ያን ሰው ዕድሜው አስቆመው ከማለት በፊት የአሰላለፉን ነገር መመርመር ይቀድማል።

ጸሐፊው ለዚህ ምላሽ መልስ ቢሰጡ በደስታ አነባለሁ። ስለሚያውቋቸው አቋራጮች ግን አንድ ነገር እንዲነግሩን እፈልጋለሁ፦ ከእነዚያ ውስጥ በመጀመሪያው ወር የሚያውቁትን ዜማ በሁለት እጃቸው እንዲሞክሩ የተሰጣቸው ስንቶቹ ነበሩ?